ከግርጌ የተቀበረችው

ከቢጫው ወንዝ መታጠፊያ፣ ከቁፋሮው ሰፈር
በጦጣ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1956)፣ በዘጠነኛው ወር በሰባተኛው ቀን

ለቤታችን ራስ፣ ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለሉአን ጂዙ፤

አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ለእርስዎ ይድረስ። ቀጥሎ ለአባታችን የመጀመሪያ ሚስት፣ እርስዎን ለወለዱትና በቤታችን ደንብ እኔም እናቴ ብዬ ለምጠራቸው ለቹ ቤት ልጅ ይድረስ፤ የጉልበታቸው ሕመም እንዴት ሆነላቸው? ለባለቤትዎ ለሩይፌን፣ እጅዋ ከሥራ አያርፍምና ብርታቱን ይስጣት። ለልጃችሁ ለዶውዶው፣ ጥርስ አብቅሎ ከሆነ ጥርሱ ይጽና። የቤተሰባችንን መካነ መቃብር ለሚጠብቁት ለሦስተኛው አጎታችን፣ ጆሯቸው እየደከመ ነውና ሰላምታዬን ጮክ ብላችሁ ንገሩልኝ። በመጨረሻም ለወለደችኝና በዚያው ደንብ አክስቴ ብዬ ለምጠራት ለሄሁዋ፤ ይህ ሲነበብ በወጥ ቤቱ በር ቆማ እንደምትሰማ አውቃለሁና፣ ስሟ ከሁሉ በታች የተጻፈው ቦታው ስለሆነ እንጂ ናፍቆቴ ስላነሰ እንዳልሆነ ትወቅልኝ። እኔ በጤና አለሁ፤ ለሰማይ ምስጋና ይድረሰው።

«በሙታን ላይ አካፋ እያነሳህ የአባቶቻችንን ስም ልታስነቅፍ ነውን?» ብለው ስለጠየቁኝ በትሕትና እመልሳለሁ። ሌቦች አይደለንም። መንግሥት በዚህ ሸለቆ ትልቅ ግድብ ሊሠራ ስላሰበ፣ ውሃው መሬቱን ሳይውጠው በፊት ከሥር ያለውን አውጥተን እንድናስመዘግብ ታዘናል። እዚህ የተኙት ለጥንቱ ለጆው ንጉሥ ይገብር የነበረ የአንድ ትንሽ አገር መሳፍንት ናቸው፤ ከሞቱ ሦስት ሺህ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ሥራውን የሚመሩት መምህርት ፋንግ ሩኦዩ የሚባሉ ምሁር ናቸው። አራት ዓመት ብቻ መማሬን ነግሬያቸው ሳይንቁኝ፣ ማታ ማታ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጠው ያስረዱኛል።

እንደመጣሁ አፈር በቅርጫት እሸከም ነበር። አሁን የቆፋሪዎቹ አለቃ ሽማግሌው ቱንግ ከጎናቸው አድርገውኛል። መሣሪያቸው አፉ እንደ ተሰነጠቀ ቀርከሃ የሆነ ብረት ያለው ረጅም ዘንግ ነው። ወደ መሬት ይወረውሩታል፤ ሲስቡት ከጥልቁ አፈር ቆርሶ ይመጣል። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ቁራሽ አፍንጫዬ ሥር ደቀኑብኝ።

«ምን ይታይሃል፣ አንተ የሻንዶንግ ልጅ?»

«አፈር ነው፣ አለቃ።»

«እናትህ ስትወልድህም ‹ሰው ነው› ብላ ተወችህ? ወንድ ትሁን ሴት ገልጣ አላየችም? ደህና አርገህ እይ እንጂ!»

ደህና አድርጌ ሳይ ቢጫውና ቀዩ፣ ጥቁሩና ነጩ እንደ ነብር ቆዳ ተዘበራርቋል። አንድ ጊዜ የተቆፈረ መሬት የላዩ ከታች፣ የታቹ ከላይ ሆኖ ስለሚመለስ፣ ዘመን ቢያልፍ፣ ቢረገጥ፣ ቢታረስ፣ ዥጉርጉር እንደሆነ ይቀራል አሉኝ። መቃብር የሚገኘው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ልመናዬ እመለሳለሁ። ከቤት ስወጣ «ቤቱን ካላጣበብክብኝ የአክስትህን ነገር አስብበታለሁ» ብለውኝ ነበር። አባታችን በመጨረሻው ሕመማቸው፣ ሦስተኛው አጎታችን እየሰሙ፣ «ሄሁዋ በቀኜ ትተኛለች» ብለዋል። ግራው የእናታችን የቹ ቤት ልጅ ነው፤ እርሱን ማንም አይጠይቅም። አክስቴ በየክረምቱ ሳሉ ይብስባታል፤ ዘንድሮስ እፈራለሁ። ከቤቱም ከመሬቱም ድርሻ አልፈልግም። ቀኗ ሲደርስ በአባታችን ቀኝ እንድትተኛ ብቻ ቃልዎን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ፣ ግንባሬን መሬት አስነክቼ እለምናለሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ጂሼን

ከሉአን መንደር
በጦጣ ዓመት፣ በአሥረኛው ወር በሦስተኛው ቀን

ለታናሽ ወንድሜ ለጂሼን፤

ደህና ነን። አንተም ደህና እንደሆንክ ከደብዳቤህ ርዝመት ተረድተናል፤ የታመመ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

እንደ ልማዳችን ከራት በኋላ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እናቴ ጉልበቷ ደህና ነው፤ በአንተ ስትስቅ ግን ጎኗን አመማት። ጎረቤቶችም መጥተው ሰምተዋል። መንደሩ «ፍልፈሉ» የሚል ስም አውጥቶልሃል። ዶውዶው እንኳ «ፍልፈሉ አጎቴ» ማለት ጀምሯል፤ ጥርሱ የወጣው ለዚህ ነው መሰል። አክስትህ ከበሩ ቆማ ሰማች፤ እንዳነበብኩ «ድገምልኝ» አለች። ድስቱ እያረረ መሆኑን አስታወስኳት።

ስለ አባታችን ቃል። አባታችን በዚያ ትኩሳት ላይ ሆኖ ከሞተ ዓመታት ያለፉትን በሬያችንን በስሙ እየጠራ ይቅርታ ጠይቆታል። በሬውንስ በየትኛው ጎኑ እናስተኛው? ሦስተኛው አጎታችን ሰማ ያልከው ጆሮ ዛሬ «ራት ቀርቧል» ሲባል ብቻ ነው የሚሰማው።

የአክስትህ ሳል አለ። ጎህ ሲቀድ ይቀሰቅሰናል፤ ዶሮውን አርደን በላነው።

ነገር ግን እኔ ያለ ማስረጃ የምፈርድ ሰው አይደለሁም። የኅብረት ሥራ ማኅበሩም ይህን ያውቅልኛል፤ የዕቃ ቤት ኃላፊነቱን ለሌላ ያልሰጠው ለዚህ ነው። እስቲ እነዚያን ምሁራን ጠይቅልኝ፤ አጥንት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ መስፍኑን ከሎሌው፣ እመቤቲቱን ከተገዛችው በምን ይለያሉ? በደንብ ጻፍልኝ። ነገርህን የምወስነው በዚያ ላይ ተመሥርቼ ይሆናል።

ለአዲስ ዓመት መምጣትህን አልወድም። ሥራህን ያዝ።

ፖስታውን አክስትህ ሰፍታዋለች፤ በሙጫ አያምርም ብላ።

ጂዙ

ከቁፋሮው ሰፈር
በጦጣ ዓመት፣ በአሥራ አንደኛው ወር በአሥራ አንደኛው ቀን

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፤

ለእርስዎ፣ ለእናታችን ለቹ ቤት ልጅ፣ ለሩይፌን፣ ለዶውዶው፣ ለሦስተኛው አጎታችን፣ ለአክስቴ ለሄሁዋም በየደረጃው ሰላምታዬ ይድረስ። ቀዩን ክር በዚያች በእርሷ ድርብ ቋጠሮ ታስሮ ሳየው ፖስታውን ለመክፈት እጄ እንቢ አለኝ። ቀድጄ ሳይሆን ፈትቼ ከፈትኩት፤ ክሩንም አስቀምጫለሁ።

ነገሬን በማስረጃ ሊወስኑ መሆኑን ሳነብ የተሰማኝን ደስታ ልገልጽ አልችልም። መምህርት ፋንግን ጠይቄ፣ በዓይኔ ያየሁትንም ጨምሬ፣ ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

የጥንት ሰው ማዕረግ የሚነበበው ሥጋ ይቀቀልበት ከነበረው ባለሦስት እግር የነሐስ ድስት ነው። ዘጠኝ ድስት የንጉሡ ብቻ ነበር። ገባሩ መስፍን ሰባት፣ ከእርሱ በታች ያሉት መኳንንት አምስት፣ ከዚያም ሦስት፣ ከዚያም አንድ እያለ ይወርዳል። ተራው ሰው ምንም የለውም። ድስቶቹ አንድ መልክ ሆነው በመጠን ብቻ ከትልቅ ወደ ትንሽ እንደ ወንድማማች ይደረደራሉ። አጥንቱ ቢበሰብስም እነርሱን የቆጠረ ሰው ሟቹ በቤተ መንግሥት የት ይቀመጥ እንደነበረ ያውቃል።

የእኛ መስፍን ሰባት ድስት ይዞ ተገኘ። ሰፈሩ ሁሉ እልል አለ። ሲታጠቡ ግን ሁለቱ ውስጣቸው በሸክላ እንደተሞላ ቀርተው፣ ክዳናቸው ከአፋቸው ጋር አብሮ ተጣብቆ የተሠራ ሆነ። ሥጋ ገብቶባቸው አያውቅም። መምህርት ፋንግ «አምስት የተፈቀደለት፣ ሰባት የፈለገ ሰው ይሆናል» አሉ። አለቃ ቱንግ ደግሞ ወደ ራስ ቅሉ ጎንበስ ብለው «የእኔ ጌታ፣ ለሰማይም ትዋሻለህ? ማን ከፍቶ ያየኛል ብለህ ነው?» ሲሉት ሁላችንም ሳቅን።

በግራው ሚስቱ ተኝታለች፤ አምስት ድስት አላት። አሁን ታላቅ ወንድሜ ልብ ብለው እንዲያነቡልኝ የምለምነው ይህን ነው፤ በቀኙ ሁለተኛ ሚስቱ ተኝታለች። እርሷም ሦስት ድስት አላት። ራሷ እንደ እነርሱ ወደ ሰሜን ነው፤ ጉድጓዷም እንደ እነርሱ ጥልቅ ነው። በአንዱ ድስት ሆድ ላይ ጽሑፍ አለ፤ የሌላ አገር መስፍን የሆነው አባቷ «ለልጄ መዳሪያ አሠራሁት፤ ልጆቿ ለዘላለም ይጠቀሙበት» ይላል። እንግዲህ ለሁለተኛ ሚስት በቀኝ መተኛት በጥንቱም ሥርዓት የነበረ፣ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ነው።

የሚቀጥለውን አክስቴ ባትሰማው እወዳለሁ። እባክዎ ሲያነቡ ይህን ገጽ ይዝለሉት።

ከመስፍኑ ግርጌ፣ ከተራው ውጪ፣ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ እኔ ራሴ በዘንግ አገኘሁ። ሴት ነበረች። ጉድጓዷ ስላልበቃት ጉልበቷ ታጥፏል። ራሷ እንደ ሌሎቹ ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ምዕራብ ነው። ድስት የላትም፤ አንድ የተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮ ብቻ አጠገቧ ተቀምጧል። መምህርት ፋንግ የተገዛች የቤት ሴት ሳትሆን አትቀርም፣ የማን ልጅ እንደሆነች የሚናገር ነገር ስለሌላት፣ ብለው ጻፉ። እኔ ብሩሹን ይዤ ቀረሁ።

«ምን ሆነሃል?» አሉ አለቃ ቱንግ።

«አቧራ ገባብኝ።»

«በሁለቱም ዓይንህ? ይልቅ አልቅስላት፣ ያለቀሰላት ያለ አይመስለኝም። ግን አጥንቱ ላይ እንዳታንጠባጥብ፤ መምህርቷ ይገድሉናል።»

ወንድሜ፣ የምለምንዎ ለዚህ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ቆፋሪ መጥቶ የወለደችኝን እንዲህ አድርጎ እንዳያነባት እፈራለሁ። ቃልዎን እጠብቃለሁ።

ጂሼን

ከቁፋሮው ሰፈር
በጦጣ ዓመት፣ በአሥራ ሁለተኛው ወር በሃያ ሰባተኛው ቀን

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ፤

አዲሱ የዶሮ ዓመት ለእርስዎ፣ ለእናታችን፣ ለሩይፌን፣ ለዶውዶው፣ ለሦስተኛው አጎታችን፣ ለአክስቴም የሰላም ይሁንላችሁ። እንዳዘዙኝ ለበዓሉ አልመጣሁም። ሌሎቹ በባቡር ሄደዋል፤ እኔና አለቃ ቱንግ ሰፈሩን እንጠብቃለን። እርሳቸው ዱቄት አቡክተው በሥጋ የተሞላ ሙልሙል ሠርተው፣ አንዱ ውስጥ ጠጠር ደብቀው ጥርሴን ሊሰብሩኝ ነበር። «የዓመቱ ዕድል ያንተ ሆነ!» እያሉ ይስቃሉ።

የአክስቴ ሳል ሙሉ በሙሉ መተዉን የጻፉልኝን ብዙ ጊዜ ደግሜ አነበብኩት። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ሳል በአንድ ክረምት መተዉ ይገርማል። የሰጣችኋትን መድኃኒት ስም ብትጽፉልኝ ለአለቃ ቱንግም እፈልገዋለሁ።

የላኩልኝን ጥያቄዎች በጥንቃቄ መልሻለሁ። ስለዚያች ከግርጌ ስላገኘኋት ሴት ለምን ይህን ያህል ማወቅ እንደፈለጉ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ግን የመንደሩ ሽማግሌዎች በአክስቴ ቦታ ላይ ሊነጋገሩ መሆኑን፣ ሁለቱንም ሴቶች፣ በቀኝና በግርጌ የተኙትን፣ አነጻጽረው መፍረድ እንደሚሹ ስለገለጹልኝ ደስ አለኝ። ልኬቱን እርግጠኛ ለመሆን በረዶውን ጠርጌ እንደገና ወርጄ ለካሁ። የጉድጓዱ ጥልቀት እስከ ደረቴ ነው፤ የሌሎቹ ግን የቤት ቁመት ያልፋል። ርዝመቱ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት አይደለም። ራሷ ወደ ምዕራብ፣ ፊቷ ወደ መስፍኑ እግር ነው። ሳጥኗ ስስ ጣውላ ነበር። ማሰሮው ግራጫ፣ እጀታ የሌለው፣ ከአፉ እስከ ሆዱ የተሰነጠቀ ነው፤ አለቃ ቱንግ ስንጥቁ ከእሳት ሲወጣ የነበረ ነው፣ ሸክላ ሠሪው የጣለው ነው ይላሉ። የተቀመጠው በግራ ጉልበቷ በኩል ነው። ይህ ሁሉ በቀኝ ከተኛችው ሚስት ምን ያህል እንደሚለይ ሽማግሌዎቹ ያዩታል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር አሳስቦኛል፤ ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። የመጨረሻው ፖስታ በቀይ ክር ተሰፍቷል፤ ቋጠሮው ግን ነጠላ ነው። አክስቴ ነጠላ ቋጥራ አታውቅም። ጣቷን አሟት ይሆን?

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጥጥ የተሞላ ጃኬት ልኬላታለሁ። ሰማያዊ ነው። አንገቱ ጋ ያለው ስፌት የእኔ ነውና አትሳቁብኝ።

ጂሼን

ከሉአን መንደር
በዶሮ ዓመት፣ በሦስተኛው ወር በዘጠነኛው ቀን

ለታናሽ ወንድሜ ለጂሼን፤

«ክሩ የማን ነው?» ብለህ ደጋግመህ ስለጻፍክ፣ አሁን የመቃብር መጥረጊያው በዓልም ስላለፈ፣ እመልስልሃለሁ። ክሩ የሩይፌን ነው። ድርቡ ቋጠሮ አልሆንላት ብሏል።

አክስትህ በአሥራ ሁለተኛው ወር በስምንተኛው ቀን፣ የበዓሉን የስምንት እህል ገንፎ እያማሰለች ሞተች። አማስላ ጨርሳ ነበር፤ አላረረም። በልተናል።

ለምን አልነገራችሁኝም ትላለህ። ብነግርህ ትመጣለህ፤ ብትመጣ ታለቅሳለህ፤ ብታለቅስ ሦስተኛው አጎታችን ይራራልሃል። የልቅሶ ጩኸት ደግሞ እርሱ የሚሰማው ሌላው ድምፅ ነው። ስለ ሳሏ የጻፍኩልህ እውነት ነው፤ ትቷታል።

ሳጥኗን ጎተራው ውስጥ አስቀመጥነው። መሬቱ በውርጭ ስለደረቀ ብቻ እንዳይመስልህ፤ የአንተን መልስ እየጠበቅን ነበር። እኔ በማስረጃ የምሠራ ሰው ነኝ ብዬህ የለ? መልስህ ከአዲስ ዓመት በኋላ ደረሰ። እንዴት ያለ ደብዳቤ ነው! ጥልቀቱ፣ አቅጣጫው፣ ጣውላው፣ ማሰሮው፤ ምንም አላጎደልክም። አራት ዓመት ብቻ ተማረ ቢሉ ማን ያምናል?

ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ሦስተኛው አጎታችን ተነስቶ «ሟቹ በቀኜ ብሏል!» ብሎ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም፤ ደብዳቤህን አነበብኩ። «በቀኝ የተኛችው ሴት ድስቷ ላይ የአባቷ ስም ተቀርጿል» አልኳቸው። «የሄሁዋ አባት ማን ነው? ስሙ የት ተጽፏል?» በዚያ በረሃብ ዓመት በሁለት ከረጢት ማሽላ መምጣቷን ሁሉም ያውቃል። ከረጢቶቹ ላይ ደግሞ ጽሑፍ አልነበረም። አጎታችን ቁጭ አለ።

የአዲሱ ዓመት የመብራት በዓል እንዳለፈ ከአባታችን ግርጌ አስተኛናት። ቆፋሪዎቹ «እስከ ደረት» ሲባሉ የማን ደረት ብለው ጠየቁ፤ አንተ ከእኔ ታጥራለህና ያንተን ወሰድን። ራሷን ወደ ምዕራብ አደረግን። ማሰሮውን እኔ ራሴ ከሸክላ ሠሪው ደጅ ከተጣሉት መርጬ፣ በግራ ጉልበቷ በኩል አስቀመጥኩ። እጀታ የሌለው ማግኘት አስቸግሮኝ ነበር፤ እጀታውን ሰበርኩለት።

ጃኬቱ ደርሷል። ሩይፌንን ትከሻዋ ላይ ትንሽ ይጠባታል፣ ቢሆንም ይሞቃል ትላለች። በአንገቱ ስፌት አልሳቅንም።

ለምሁራኑ ምስጋናችንን አድርስ።

ጂዙ

ከቁፋሮው ሰፈር
በዶሮ ዓመት፣ በአሥረኛው ወር በሁለተኛው ቀን

ለእናቴ ለሄሁዋ፣ ይህን ማንም ለማያነብላት፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስ። ቀጥሎ ለሦስተኛው አጎታችን፣ ተነስተው ስለ ጮኹ። ለዶውዶው፣ ገና ልጅ ስለሆነ። ለሩይፌን፣ ጃኬቱ ክረምቱን በደህና ያሳልፋት። ለቹ ቤት ልጅ፣ ጉልበታቸው ይጽና። ለእርስዎም፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ከሁሉ በታች፣ ሰላምታዬ ይድረስ። ቅደም ተከተሉ ስሕተት አይደለም።

በጸደይ መርዶዎ እንደደረሰኝ ዕቃዬን ጠቅልዬ ተነስቼ ነበር። ያኔ «አትምጣ፤ አጎታችን ስለለመነኝ መኸሩ ሲገባ ወደ ቀኝ እናዛውራታለን» ብለው ጻፉልኝ። አመንኩ። ጥቅልሌን ፈታሁ። በበጋው ሁሉ የሰው መቃብር እየቆፈርኩ ያንን ቃል እንደ እንጀራ ስበላው ከረምኩ።

አሁን ደግሞ፣ እናቴን ሳያዛውሯት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መካነ መቃብሩን አርሶ ስንዴ እንደዘራበት፣ ጉብታዎቹ ሁሉ እንደተደለደሉ፣ ለእርሻው ፈርሙ ሲባልም መጀመሪያ የፈረሙት እርስዎ እንደሆኑ ጽፈውልኛል። «እንግዲህ ሁሉም እኩል ሆነ፤ አባታችንም ማዕረግ የለውም፣ እሷም የላትም፤ ደስ ይበልህ። የት እንዳለች አጎታችን እንኳ ረስቶታል፤ ብትመጣም የምታገኘው ስንዴ ነው» ይላል ደብዳቤዎ።

ትናንት ለሙታን የክረምት ልብስ የሚላክበት ቀን ነበር። ሰው ሁሉ የወረቀት ልብስ ቆርጦ በመንገድ ዳር አቃጠለ። እኔም ሰማያዊ ወረቀት ገዝቼ ጃኬት አድርጌ ቆረጥኩ። አለቃ ቱንግ አጠገቤ መጥተው ቁጢጥ አሉ።

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ።»

«አክስት ነበረች አላልከኝም?»

ነገሩን ሁሉ፣ መጀመሪያ ከጻፍኩት ልኬት አንስቶ እስከ ስንዴው ድረስ፣ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ እሳቱን በጫማቸው እየረገጡ ተነሱ።

«ከተቀበረች ስንት ጊዜ ሆናት?»

«ዓመት አልሞላትም።»

«ታዲያ ምን ያነፋርቅሃል? ሦስት ሺህ ዓመት የተኛችውን አግኝተህ የትናንትናዋን ልታጣ ነው? ለስንዴ ብለህ! ስንዴ ሥሩ ስንት ይወርዳል?» ገብተው ዘንጋቸውን አመጡልኝ፤ ለማንም ሰጥተው አያውቁም። «ካልመለስክልኝ አንተኑ ፈልጌ ነው የምቀብርህ። ያውም ያለ ማሰሮ።»

ስለዚህ እመጣለሁ። መምህርት ፋንግ ፈቅደውልኛል። መንገድ እንዲያሳየኝ ማንንም አልጠይቅም። መጀመሪያ አባታችንን አገኛለሁ፤ የእርሳቸው ጉድጓድ ጥልቅ ነው፣ ዥጉርጉሩም ብዙ ነው። ከዚያ ወደ ግርጌ እወርዳለሁ። በደረቴ ልክ፣ ራሷን በጻፍኩት አቅጣጫ፣ ማሰሮውን በጻፍኩት ጉልበት በኩል አገኛታለሁ፤ ከእኔ በቀር ይህን ያህል በትክክል የሚያውቅ የለምና። ከዚያ አንስቼ በቀኝ አስተኛታለሁ። ሌሊት አይደለም፣ በቀን ነው፤ መንደሩ እያየ። እርስዎም ቢመጡ አልከለክልም።

ማሰሮውን አብሬ አልቀብረውም። አጥቤ ከእርስዎ ደጅ አስቀምጠዋለሁ። የዚያ መስፍን የውሸት ድስቶች ሦስት ሺህ ዓመት ቆይተው የተጋለጡት በእኔ ዓይን ፊት ነው። የእርስዎ ያን ያህል አልቆየም።

ከአፈሩ የማላነበው ግን አንድ ነገር አለ፤ ይህን የምጽፈውም ለእርሱ ስል ነው። ባለፈው ክረምት ያቺን ከግርጌ የተቀበረችውን ሴት መጀመሪያ የገለጽኩበት ደብዳቤ እናቴ በሕይወት ሳለች ደርሷችኋል። አንዱን ገጽ እንዲዘሉት ለምኜ ነበር። እርስዎ ከራት በኋላ ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እሷም ከወጥ ቤቱ በር ቆማ ትሰማለች። ያን ገጽ አነበቡት ወይስ ዘለሉት? ካነበቡት፣ የተገዛች፣ የማን ልጅ እንደሆነች የማይታወቅ፣ የሚለውን ቃል ከእኔ የመጣ መሆኑን እያወቀች ሰማች? ሰምታስ «ድገምልኝ» አለች?

ሌላ ምንም አይጻፉልኝ። ይህን ብቻ በሚቀጥለው ፖስታ ይመልሱልኝ። ዘንጉን ከበሩ አጠገብ አቁሜያለሁ፤ መልስዎ ሳይደርስ አልነሳም።

የሄሁዋ ልጅ ጂሼን